ሁልጊዜ ዐሥር

አምሀ ሸዋንግዛው ነገሌ ቦረና ተወልዶ ያደገ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበር። አባቱ ከመንዝ በውትድርና መጥተው እዚያው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በከተማው አምሀ ያልተጣላው ሰው ካለ ገና ያልተዋወቀው ነው ይባላል። ከጎረቤቱ ጋር በአጥር፣ ከርእሰ መምህሩ ጋር በፈተና ወረቀት፣ ከወንድሙ ጋር ደግሞ ሁለቱም በማያስታውሱት ነገር ተጣልቷል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። የሚጣላው ትክክል ስለሆነ ነው፤ ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የተሳሳተ ዕለት የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል።

ከእሱና ከሚስቱ መኝታ ቤት በር ጀርባ አንድ ትልቅ ባለካሬ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ያለው እያንዳንዱ ቀን የራሱ ካሬ አለው። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «ዐሥር ካልሞላ ወዲያው ወደ ክሊኒክ!» ተብሎ ተጽፏል፤ ቃለ አጋኖው ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ወረቀቱ ያለ ምክንያት አልተለጠፈም። ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጃቸው በዘጠነኛው ወሩ ሞቶ ተወልዷል። ሐሙስ ዕለት በምርመራ ላይ ልቡ ሲመታ አምሀ በገዛ ጆሮው ሰምቶ ነበር። ቅዳሜ ዝም አለ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ «ልቡ ይመታል» የሚለውን ሰው ሁሉ አያምንም። ስለዚህም ሚስቱ ጃለኔ ሁለተኛውን ፀንሳ ሰባተኛ ወሯ ሲገባ፣ በዶክተር ዋቅጋሪ ክሊኒክ የምትሠራው አዋላጅ ነርስ ሲስተር ወለተሐና «በየቀኑ ከምግብ በኋላ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ እንቅስቃሴውን ቁጠሪ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቀሽ ዐሥር ካልሞላ ነገን ሳትጠብቂ ነይ» ስትላት፣ ደስታውን መቻል ያቃተው አምሀ እንጂ ጃለኔ አልነበረችም። በመጨረሻ አንድ ሰው ቁጥር ሰጠው።

ጃለኔ ዱባ የአሬሮ አርብቶ አደር ልጅ ናት። ዐሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነገሌ ከመጣች ጀምሮ የእንስሳት መድኃኒት መደብር ውስጥ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ብልቃጥና መርፌ ስትቆጥር ትውላለች፤ አንድም ጎድሎባት አያውቅም። ስለዚህ አምሀ ወረቀቱን ለጥፎ እስክሪብቶውን በክር ሲያንጠለጥልላት፣ ካሬዎቹም በየቀኑ ዐሥር፣ ዐሥር፣ ዐሥር እያሉ ሲሞሉ፣ ምንም አልጠረጠረም። እንዲያውም ፎቶ አንሥቶ ለመምህራን አሳየ።

የባዮሎጂ መምህሩ ዓብዱሰላም መነጽሩን ከፍ አድርጎ ተመለከተው። «አንድም ቀን ዐሥራ አንድ አይሆንም እንዴ?»

«ዐሥር ሲሞላ መቁጠር ይቆማል። ባዮሎጂ የምታስተምረው እንዲህ ሳትጠይቅ ነው?»

«ጠይቄያለሁ እኮ» አለ ዓብዱሰላም፤ «የመለሰልኝ የለም እንጂ።»

አምሀ ለሁለት ቀን አኮረፈው።

ጥር ዐሥራ ስምንት ቅዳሜ ነበር። አምሀ ጫማውን እያሰረ ሳለ ጃለኔ ከአልጋው ጫፍ ሳትነሣ ቆየች። አንድ እጇ በቀኝ ጎድኗ ሥር ነው። ፊቷ የሆነ ነገር ከሩቅ እንደሚያዳምጥ ሰው ፊት ነበር።

«አምሀ።»

«እ?»

«ልጁ ጎድሏል።»

«ምን ማለት ነው ጎድሏል?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም። አለ፤ ግን የለም።»

አምሀ አንድ ጫማ እንዳደረገ ወደ በሩ ሄደ። «ትናንት ዐሥር ነው» አለ፤ እፎይ ብሎ።

«እሱን ተወው።»

«እንዴት ነው የምተወው? በራስሽ እጅ የጻፍሽው…» አፉ እንደተከፈተ ቀረ። የዛሬው ካሬ ተሞልቷል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ጃለኔ ቁርስ እንኳ አልቀመሰችም። ዓይኑ ወደ ቀጣዩ ካሬ ሄደ። «እሑድ ዐሥር» አለ፤ ድምፁ ቀጠነ። «ሰኞ ዐሥር። ማክሰኞ… ጥር ሠላሳ ዐሥር! ጃለኔ፣ ጥር ሠላሳ ገና ዐሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል!»

«በየቀኑ ከምትነዘንዘኝ ብዬ ባንዴ ሞላሁት።»

«ያለፈውስ? ኅዳርስ? ታኅሣሥስ?»

ጃለኔ መሬት መሬት አየች። አምሀ የጮኸውን ጩኸት እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ በሦስተኛው ቤት ያለች ውሻ መጮኋን ማለት ይበቃል።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከሳሎኑ፣ የሴት ድምፅ መጣ። የጃለኔ እናት ዲንኪቱ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊያርሱ ገና በኅዳር መባቻ ከአሬሮ መጥተዋል። በእሳቸው ወግ አማትና አማች ስም አይጠራሩም፤ ፊት ለፊትም አይነጋገሩም። አንድ ጣሪያ ሥር አድረው እንኳ ለአምሀ የሚሉትን ሁሉ በልጃቸው በኩል ነው የሚልኩት።

«ጃለኔ፣ ለባልሽ ንገሪው። እኔ ነኝ የከለከልኳት በይው።»

«አዮ» አለ አምሀ። እናቴ ለማለት እንዲህ ነው የሚጠራቸው። «እዚሁ ነኝ እኮ፤ ይሰማኛል።»

«እንደሚሰማው አውቃለሁ በይው። እሱንም ነገሌ ሁሉ እየሰማው ነው በይው። ነፍስ ባለው ነገር ላይ ጣት አይቀሰርም። ከብትም ቢሆን ልጅም ቢሆን አይቆጠርም፤ የቆጠሩት ይጎድላል። እሱ ግን እያንዳንዷን ርግጫ በር ላይ ለጥፉልኝ አለ።»

ዲንኪቱ ይህን የሚሉት ዝም ብለው አልነበረም። እሳቸው ባደጉበት ቤት፣ ማታ ከብቱ ወደ በረት ሲገባ በሩ ላይ የሚቆመው ሰው አይቆጥርም። ያያል። ካየ በኋላ «ቀንደ ሰባራዋ የለችም» ይላል፤ ተሳስቶም አያውቅም። ድርቁ በጠናበት ዓመት ግን ለእርዳታ የሚመዘግቡ ሰዎች መጡ፤ የእያንዳንዷን ላም ቀንድ ቀለም እየቀቡ ሠላሳ ስምንት ብለው ጻፉ። ዝናቡ ሲመለስ አራት ቀሩ። አራቱም ያን ዕለት ሩቅ ውሃ ወርደው ሳይቀቡ ያመለጡ ነበሩ። አምሀ ከብት የሚገድል ድርቅ እንጂ ቀለም አይደለም ብሎ ለአንድ ሰዓት ሊከራከር ይችል ነበር፤ ትክክልም ይሆን ነበር። ሠላሳ ስምንት ላም ለቀበረች ሴት ግን ትክክል መሆን ምን ያህል ርካሽ ነገር ነው!

«አንቺ ደግሞ ይህን ታምኛለሽ?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «አንቺ? መድኃኒት የምትሸጪው?»

«አላምንም።»

«ታዲያ?»

«አላምንም። ግን ልጁ አንድ ነው፤ በአንድ ልጅ አልሞክርም።»

ሁለተኛውን ጫማ ፈልጎ አጣው፤ በነጠላ ጫማ ባጃጅ ሊጠራ ወጣ።

ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ የተቀበለቻቸው ሲስተር ወለተሐና በነገሌ አምሀን ዝም ማሰኘት የምትችል ብቸኛ ሴት ነበረች። ሃያ ዓመት ያዋለደች፣ ቀጭን፣ ስትሄድ ጫማዋ የማይሰማ፣ ስትናገር ግን ግቢው የሚሰማት ሴት ናት።

«ጃለኔ፣ አካም?»

«ናጋ» አለች ጃለኔ፤ ሰላም ነው ማለቷ ነው። ሰላም ሳይሆን ሰላም ነው ማለት የለመደች አፍ! ከዚያ እንባዋ መጣ። «ሲስተር፣ ልጁ ጎድሏል።»

ወለተሐና ሌላ አልጠየቀችም። አልጋ ላይ አወጣቻት፤ በእጅ የምትያዘውን ትንሽ ማዳመጫ ሆዷ ላይ አዟዙራ አንድ ቦታ አቆመች። ክፍሉን የልብ ምት ሞላው።

«መቶ ሠላሳ ስምንት።»

«ልቡን ተዪው!» ጮኸ አምሀ። «ያን ጊዜም መትቷል! ሐሙስ መትቶ ቅዳሜ…»

«አውቃለሁ፣ መምህር። ለዚህ ነው እዚህ ላይ የማላቆመው። ልብ መምታቱ መኖሩን ነው የሚነግረኝ፤ ደህና መሆኑን አይነግረኝም። አሁን ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ።»

ተቀመጠ። ወለተሐና ሲቲጂ የሚሉትን ማሽን እየገፋች አመጣች። ሁለት ቀበቶ በጃለኔ ሆድ ላይ አሰረች፤ አንዱ የልጁን ልብ፣ ሌላው የማሕፀኑን መኮማተር የሚያዳምጥ ነው። ጫፉ ላይ ቁልፍ ያላት ገመድ እጇ ላይ አኖረችላት።

«ሲንቀሳቀስ በተሰማሽ ቁጥር ይህችን ተጫኛት።»

አብረው መጥተው ከበሩ አጠገብ የቆሙት ዲንኪቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጫን መቁጠር ነው ወይ?»

«አይደለም እማማ። የሚመዘግበው ማሽኑ ነው። ኃጢአቱ የማሽኑ ነው።»

ዲንኪቱ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አዩትና ኃጢአቱን መሸከም ይችላል ብለው ፈቀዱ።

ወረቀቱ እየተንቀረፈፈ መውጣት ጀመረ። ወለተሐና ለአምሀ ብላ አስረዳች፤ ካላስረዳችው እንደማይተዋት ታውቃለች። ደህና የሆነ ልጅ ሲንቀሳቀስ ልቡ ፈጠን ይላል፤ እንደ እኛው ዳገት ስንወጣ። ያኔ መስመሩ ከፍ ብሎ እንደ ጉብታ ይሆናል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጉብታ ከታየ ልጁ ደህና ነው። ካልታየ ግን ወይ ተኝቷል፣ ወይ አሞታል።

ሃያ ደቂቃው አለቀ። መስመሩ ከነገሌ ወደ ፊልቱ እንደሚወስደው ሜዳ ነበር። ጉብታ የሚባል ነገር የለውም። የጃለኔ አውራ ጣት ቁልፏ ላይ እንዳረፈ አልተንቀሳቀሰም።

ዶክተር ዋቅጋሪ መጣ፤ ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይን አለው። ወረቀቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ አየ። «ትናንት ስንት ጊዜ ተንቀሳቀሰ?»

የአምሀ አፍ እንደ ልማዱ ቀደመ። «ዐሥ…»

ቆመ። በሕይወቱ መልስ ጀምሮ ያቆመው ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ሰንጠረዡ ውሸት ነው» አለ። «ማንም አልቆጠረም።»

«የትናንቱ?»

«የሁሉም ቀን።»

ዋቅጋሪ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ ምን ልሁን እኔ? እንቅስቃሴው በእርግጥ ቀንሶ መስመሩም እንዲህ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ልኬ በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ማድረግ አለብኝ። ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ሴትዮዋን በከንቱ ማስቀደድ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ዐሥር ዐሥር ብላችሁ ዋሽታችሁኝ፣ ዛሬ ቀነሰ ስትሉ በምን ልመናችሁ?»

ወረቀቱን ማሽኑ ላይ መልሶ ለቀቀው። «ሌላ ሃያ ደቂቃ ጨምሩ» አለ ለወለተሐና። «ፅንስ እስከ አርባ ደቂቃ ሊተኛ ይችላል። እስከዚያ አልትራሳውንዱ ይለቀቃል።» ሄደ።

ሃያ ደቂቃ ማለት ለሒሳብ መምህር የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ነው። አምሀ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ አራት ከሃያ።

ወለተሐና ግን በርጩማ ስባ ከጃለኔ ራስጌ ተቀመጠች። «ቁጥሩን ተዪው» አለች። «ዋሸሽ፣ አለቀ። ይህ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው?»

«ደህና ልጅ ነው» አለ አምሀ። «ማለቴ ከኅዳር ወዲህ…»

«አንተን አልጠየቅሁም።»

ጃለኔ ሆዷን ዳበሰች። ከዚያ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ መናገር ጀመረች፤ ከጀመረች በኋላም የሚያቆማት አልነበረም። ንጋት ላይ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያ ሲነሣ እሱም ይነሣል፤ ጥጃ እንደሚነሣ በኋላው ነው የሚነሣው፣ መጀመሪያ ቂጡን ያነሣል። ሻይ በወተት ስትጠጣ ስቅ ይለዋል። መደብሩን ከፍታ ደንበኛ ሲበዛ ድንጋይ ነው፤ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን አይነቃም። ያኔ ሲነቃ ቀኝ ጎድኗን ነው የሚረግጠው፤ ተቆጥቶ። ማታ እሷ ስትጋደም ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ቤቱን ይዞራል፤ በረት እንደሚፈትሽ ሰው።

«ትናንት ማታ አልዞረም» አለች። «ዛሬ ንጋት አልተነሣም። ሌላው ቀርቶብኝ ያውቃል። ንጋት ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።»

ወለተሐና ሁሉንም በካርዱ ላይ ጻፈችው፤ ጥጃውንም ጭምር። «አሁንስ?»

«አሁን የእንቅልፉ ሰዓት ነው።»

አምሀ ሚስቱን አያት። አራት ዓመት አብሯት ኖሯል፤ ከኅዳር ጀምሮ በየማታው «ዐሥር ሞላ?» እያለ ጠይቋታል። ይህን ሁሉ አንድም ቀን አልሰማም። አልጠየቃትማ!

«የመጀመሪያው ጊዜስ?» አለች ወለተሐና፤ ብዕሯን ሳታነሣ፣ ቀስ ብላ። «ያኔም አውቀሽ ነበር?»

ጃለኔ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሣች። «ረቡዕ ማታ ጎደለ። ሐሙስ ለምርመራ ስንሄድ ልነግራቸው ነበር። ሰውዬው ስንት ጊዜ ተንቀሳቀሰ አለኝ። ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው መጉደሉን ነው። ሳስብ…» ትንፋሿን ሳበች። «እሱ መለሰልኝ።»

አምሀ አስታወሰ። አንድም ቃል አልጠፋውም። መርማሪው ቸኩሎ ነበር፤ ጃለኔ ዝም ብላ ነበር፤ እሱ ደግሞ ዝምታ አይወድም። «ብዙ ጊዜ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ደህና ነው» ብሎ ነበር። እንዲህ ብሎ መልሶ ነበር፤ ሆዱ የእሱ ይመስል። በዚህ አገር ሴት በታመመች ቁጥር ከአጠገቧ ቆሞ የሚመልስላት ወንድ አይጠፋም። እዚህ ጋ ያመኛል ብላ አፏን ሳትከፍት «ሆዷን ነው» ይላል፤ ከመቼ ጀምሮ ስትባል «ከትናንት ወዲያ» ይላል። የተማረ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ በቁጥር ይመልሳል። መርማሪውም ቁጥር ስለተሰጠው ደስ ብሎት ይጽፋል። ሁለት ወንዶች ተስማምተው፣ መካከላቸው የተኛችው ሴት የምታውቀውን ይዛ ትሄዳለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አምሀ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«መቼ?»

አንዲት ቃል ነበረች፤ ቁጣ የለባትም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ ሲፈልግላት ቢኖር እንኳ ባላገኘላት።

ወለተሐና በርጩማዋን ትንሽ ወደ እሱ አዞረች። «መምህር፣ ያኔ ብትናገርም ምን ይሆን እንደነበር የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም። ይህን ስልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። አሁን ግን ዝም በል።»

ዝም አለ። የልጁ ልብ ብቻ በማሽኑ ላይ እንደ ፈረስ ይጋልባል። አራት ሰዓት ተኩል። አራት ከሠላሳ አምስት። ዶክተር ዋቅጋሪ ተመልሶ መጣ፤ ሳይናገር ካርዱን አንሥቶ አነበበ፤ «ጥጃ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቅንድቡ ከፍ አለ። ወረቀቱን አየ። አሁንም ሜዳ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ ነካ አደረገ፤ አምሀ አየው፤ ሆስፒታል ሊደውል መሆኑን አወቀ።

«ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ» አለች ወለተሐና። «ለአምስት ሩብ ጉዳይ ይነቃል ብላለች።»

«ፅንስ ቀጠሮ አያከብርም፣ ሲስተር።»

«ያከብራል» አለች ጃለኔ።

ከዚያ አውራ ጣቷ ተንቀሳቀሰች። ቁልፏ ቀጭ አለች።

ግልቢያው ፈጠነ። መጀመሪያ አምሀ የገዛ ልቡ መሰለው። ከዚያ ወረቀቱን አየ፤ መስመሩ ከሜዳው ተነሥቶ እየወጣ ነው። ወጣ፣ ቆየ፣ ወረደ። ቁልፏ እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ አለች። ጃለኔ ቀኝ ጎድኗን ይዛ «አይ!» አለች፤ ፊቷ ግን ይስቃል። «ተቆጥቷል! ቀበቶውን ነው የሚረግጠው!»

«አንድ» አለ ዶክተር ዋቅጋሪ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ፤ መስመሩ ለሁለተኛ ጊዜ መውጣት ጀመረ፤ «ሁ…»

«ኡኡ! ዝም በሉ!» ዲንኪቱ ከበሩ ዘለው ገቡ።

ዋቅጋሪ ጣቱን እንደተያዘ ሌባ ከወረቀቱ ላይ አነሣ። እሱም የወለጋ ልጅ ነው፤ አያቱ በረት ደጃፍ ላይ አንድ ሁለት ሲል ምን ይሉት እንደነበር ሳያስታውስ አልቀረም። ሳቀ። ቀሪውን በአገጩ እየጠቆመ ለወለተሐና አሳያት፤ እሷም ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለችው። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሁሉ፣ አንድም ቁጥር ሳይጠራ፣ ከበቂ በላይ መሆኑን አወቁ።

አልትራሳውንዱ ላይ ልጁ የበለጠ ታየ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ «መተንፈስ እየተለማመደ ነው» አለ ዋቅጋሪ። እጁን ጨበጠ፣ ዘረጋ። ጀርባውን አቀና። የሽርት ውሃው በቂ ነው። ዶክተሩ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለት ነጥብ እየሰጠ ጻፈ፤ ድምሩን ግን ለዲንኪቱ ሲል በልቡ ያዘው። «ሙሉ ነው» አለ ብቻ። «ምንም የሚያስቀድድ ነገር የለም። ቀኗ እስኪደርስ ትጠብቅ።»

«ታዲያ ለምን ጎደለ?» አለ አምሀ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም?»

«አላውቅማ! ሌሊት ጀርባውን ወደ ፊት አዙሮ ይሆናል፤ ርግጫው ወደ ውስጥ ሲሆን ላይሰማት ይችላል። ይችላል ነው ያልኩት። የማውቀው አሁን ደህና መሆኑን ነው። ደግሞም በደህና ጊዜ መምጣቷን።»

አምሀ ተከራካሪ ነበር። ለዚህ መልስ በሌላ ቀን ሦስት ጥያቄ ያወጣ ነበር። ዛሬ ግን «እሺ» ብሎ ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ለዚህኛው ብቻ አልነበረም። ለሐሙሱም ነበር። ለሁለት ዓመት ያላለቀሰው ባንዴ መጣበት።

ትንሽ ቆይቶ አግዳሚው ነቅነቅ አለ። ዲንኪቱ በወዲያኛው ጫፍ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀምጠዋል። ጃለኔ አጠገባቸው ስለሌለች የሚልኩት ሰው አልነበራቸውም። ፊት ለፊታቸው ያለውን የግቢውን ግንብ ተመለከቱ።

«አንተ ግንብ» አሉ፤ «ለልጄ ባል ንገርልኝ። ልጁ ደህና ነው። ይበቃዋል በለው። በነጠላ ጫማ ነው የመጣው፣ ሰው እያየው ነው በለው።»

አምሀ አፍንጫውን ጠረገ። እሱም ወደ ግንቡ ዞረ። «ለአዮ ንገርልኝ» አለ። «ሰምቻለሁ። ይቅርታም በልልኝ፣ ለጩኸቱ።»

«ጩኸቱን ለምደነዋል በለው» አሉ ዲንኪቱ።

ወለተሐና ጃለኔን እየደገፈች ወጣች። ማክሰኞ ለሌላ ምርመራ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። «ንጋት ላይ ካልተነሣ ግን ማክሰኞን አትጠብቁ። በዚያው ንጋት ኑ፤ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም ግድ የለኝም።»

«መቁጠሩስ?» አለ አምሀ።

«ቁጥር ለሚቆጥር ጥሩ ነው፤ ብዙ ልጅ አድኗል። ለቀጣይዋም ሴት ቁጠሪ ነው የምላት። ይህች ግን የምታውቀውን ነገረችኝ፤ እኔም ጻፍኩት።» ከዚያ በጣቷ ደረቱን ነካችው። «የአንተ ሥራ ስታውቅ ይዘሃት መምጣት ነው። መመለሱን ለእሷ ተውላት።»

ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ዲንኪቱ ወደ ገበያ ሊያልፉ በእግራቸው ሄዱ፤ ባልና ሚስቱ ባጃጅ ያዙ። ሹፌሩ በኮብልስቶኑ ላይ እንደ ሞያሌ የጭነት መኪና ይበራል፤ ባጃጇ ከጉድጓድ ጉድጓድ ትዘላለች። አምሀ አንገቱን አስግጎ ሊጮኽበት ሲል ጃለኔ ክንዱን ያዘችው።

«ተወው፤ ይወዳል። እየረገጠ ነው።»

አምሀ ወደ እሷ ዞረ። «ስንት ጊዜ?» የሚለው ጥያቄ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«የት ጋ ነው?» አላት።

እጁን ወስዳ ቦታው ላይ አስቀመጠችለት።